በድራፍት ተራ ሲደርስ፦ የላቀውን ተጫዋች ወይስ የጎደለውን ቦታ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የአሜሪካው እግር ኳስ ሊግ የኤንኤፍኤል ድራፍት፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት፣ በሚያዝያ መጨረሻ በመጣ ቁጥር እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው። አንድ ቡድን ተራው ሲደርሰው ከቀሩት ወጣቶች መካከል በችሎታው የላቀውን ይውሰድ ወይስ የሳሳበትን ቦታ የሚሸፍንለትን? በሌላ ክር ላይ የተጀመረው ውይይት ከዳኝነትና ከቲኬት ዋጋ ጋር እየተቀላቀለ ስለተበተነ፣ ጉዳዩ ለብቻው ቢታይ ይሻላል ብዬ ይህን ከፍቻለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አቋሜን ልግለጽ። ጉድለት መሞላት ያለበት በመጋቢት፣ ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ገበያ ሲከፈት፣ በገንዘብ ነው። በድራፍቱ ሌሊት ግን ሰሌዳው የሚለውን መስማት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ቢያንስ ለአራት ዓመት የሚፈርም በመሆኑ፣ ዛሬ ክፍት ሆኖ የሚታየን ቦታ በሁለተኛው ዓመት ተዘግቶ፣ ዛሬ የሞላው ደግሞ በጉዳት ወይም በውል ማለቅ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ማስረጃዬ ከጎረቤታችን ከባልቲሞር ነው። በ1996 ከክሊቭላንድ ገና የተዛወረው ቡድን ሬቨንስ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ድራፍት ሲገባ አራተኛው ምርጫ በእጁ ነበር። ቡድኑ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ራኒንግ ባክ፣ ያስፈልገው ስለነበር ባለቤቱ አርት ሞዴል ከነብራስካ የመጣውን ሎውረንስ ፊሊፕስን ይፈልጉ ነበር። ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክ ከጀርባው ከሚመጣበት ተከላካይ በሚጠብቀው በግራ ታክል ቦታ ግን ቶኒ ጆንስ ስለነበረ በዚያ በኩል የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ምርጫውን የሚመሩት ኦዚ ኒውሰም ሰሌዳቸውን ተመልክተው፣ ከቀሩት ሁሉ በላይ የተቀመጠው ታክሉ ጆናታን ኦግደን ስለነበረ፣ እርሱን ወሰዱ። ኦግደን የመጀመሪያውን ዓመት ከታክሉ አጠገብ ባለው በጋርድ ቦታ ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጆንስ በልውውጥ ወደ ዴንቨር ሄደና የግራ ታክሉን ቦታ ያዘ። አሥራ አንድ ጊዜ ለዓመቱ ምርጦች ጨዋታ ለፕሮ ቦውል ተመርጦ በ2013 የዝና አዳራሽ ገባ። ፊሊፕስን በስድስተኛነት የወሰደው ሴንት ሉዊስ በሁለተኛው የውድድር ዓመት መካከል አሰናበተው። ለእርሱ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ፒትስበርግ የሰደደው ራኒንግ ባክ ጄሮም ቤቲስ ደግሞ እዚያ ሄዶ የዝና አዳራሽ ተጫዋች ሆነ።

ኒውሰም በዚያው ቀን በ26ኛው ምርጫ ተከላካዩን ሬይ ሉዊስን ጨመሩ። ሬቨንስ በጥር 2001 ኒው ዮርክ ጃያንትስን 34 ለ 7 አሸንፎ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ሲያነሳ ሁለቱም በሜዳው ላይ ነበሩ።

የበረዶ አገር

ሰላም ለእርስዎ። የኦግደን ታሪክ የሚያከራክር አይደለም፤ ሆኖም ከአንድ ታላቅ ምርጫ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። እኔ ሚኒሶታ ስለምኖር በዓይኔ የተከታተልሁትን ላንሳ።

በመጋቢት 2020 የእኛው ቡድን ቫይኪንግስ ኳስ ተቀባዩን ስቴፎን ዲግስን ለቡፋሎ ለቆ በልውውጡ 22ኛውን ምርጫ አገኘ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቡድኑ ተቀባይ እንደሚያስፈልገው ያልገባው ሰው በከተማው አልነበረም። በድራፍቱ ሌሊት ከፊታችን በ21ኛው ተራ የተቀመጠው ፊላደልፊያም የሚፈልገው ተቀባይ ነበር። ፈጣኑን ጄለን ሬገርን ወሰዱ፤ ቫይኪንግስ በቀጣዩ ተራ ጀስቲን ጄፈርሰንን አነሳ። ጄፈርሰን በመጀመሪያ ዓመቱ ኳስ በመቀበል 1,400 ያርድ ርቀት ሲያስመዘግብ ሬገር 400 እንኳ አልሞላም። ሬገር ከሁለት ዓመት በኋላ በልውውጥ ወደዚሁ ወደ ሚኒሶታ መጥቶ የጄፈርሰን ተጠባባቂ ሆነ።

ከዚህ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ቡድኖች የመረጡት በፍላጎት ነው፤ የእኛ ተሳካ፣ የእነርሱ አልተሳካም። ስለዚህ የስሕተቱ ምንጭ ፍላጎት ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ፊላደልፊያ የተጎዳው ፍላጎቱን ከመጠን በላይ ስላጠበበው ይመስለኛል። ያስፈልገው የነበረው ጥሩ ተቀባይ ሆኖ ሳለ የፈለገው ፈጣን ተቀባይ ነው። አንድን ቦታ መሙላትና አንድን ጠባይ መፈለግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በክርክራችን ውስጥ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ፒያሳ

እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ይህን ስፖርት መከታተል የጀመርሁት ቦስተን ባለው ታላቅ ወንድሜ ምክንያት ስለሆነ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ቀላል ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኛ በለመድነው እግር ኳስ ቡድኑ አጥቂ ሲጎድለው ሄዶ አጥቂ ይገዛል፤ ግብ ጠባቂው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሌላ ግብ ጠባቂ በብዙ ገንዘብ የሚያመጣ አሠልጣኝ ከደጋፊው ወቀሳ አያመልጥም። እዚህስ «የላቀ» የሚባለው ማን ነው? ታክልን ከተቀባይ፣ ተቀባይን ከተከላካይ ጋር የሚያወዳድሩት በምን መለኪያ ነው? ሰሌዳ የምትሉትንም ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ቆሎ ተማሪ

ጥያቄዎ ቀላል አይደለም፤ ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ሰሌዳው እውነተኛ ሰሌዳ ነው። በብዙ ቡድኖች ዘንድ የምርጫው ክፍል ግድግዳ በሙሉ የተጫዋቾች ስም በተጻፈባቸው ትንንሽ የማግኔት ካርዶች ይሞላል። ዓምዶቹ የጨዋታ ቦታዎች ናቸው፤ ኳርተርባክ በአንዱ፣ ታክል በሌላው፣ የተጋጣሚን ተቀባይ የሚከላከለው ኮርነርባክ ከዚያ ቀጥሎ። አግድም ረድፎቹ ደግሞ የተሰጠው ነጥብ ናቸው። ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) በየኮሌጁ ዞረው ያዩትን፣ አሠልጣኞች ከቪዲዮ ያጠኑትን፣ በየካቲትና በመጋቢት መባቻ ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው የወጣቶቹ መፈተኛ በኮምባይን የተለካውን ፍጥነትና የሐኪሞቹን ሪፖርት አንድ ላይ አድርገው ለእያንዳንዱ ወጣት ነጥብ ይሰጣሉ። አንድ ረድፍ ላይ የተቀመጡ ታክልና ተቀባይ፣ በየቦታቸው የሚኖራቸው ደረጃ ተቀራራቢ ነው ተብሎ ታምኖባቸዋል ማለት ነው። የመጀመሪያ ዙር ደረጃ የሚያገኙት ደግሞ በብዙ ዓመት ከ32 ያነሱ ናቸው፤ ቡድኖቹ ግን 32 ናቸው።

እንግዲህ ተራው ሲደርስ ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ ግድግዳው ዞሮ የላይኛውን ረድፍ ያያል። በዚያ ረድፍ ላይ የቀረው አንድ ስም ብቻ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። ሦስት ስሞች ቢቀሩ ግን ከሦስቱ አንዱን የሚለየው ፍላጎት ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ጥፋት የሚሆነው በላይኛው ረድፍ ሰው እያለ፣ ቦታው ስለጎደለን ብቻ ሁለት ረድፍ ወርደን ካርድ ስናነሳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና የበረዶ አገር የሚከራከሩት፣ በእኔ አስተያየት፣ አንደኛው ስለ ረድፍ ሌላው በረድፍ ውስጥ ስላለው ምርጫ እየተናገሩ ነው።

ከእግር ኳሱ ጋር ያነጻጸሩት ደግሞ ቁልፍ ነው። እዚህ ከኮሌጅ የሚመጣን ተጫዋች መግዛት አይቻልም፤ ተራ ብቻ ነው ያለው። የደመወዝ ጣሪያም አለ። ዘንድሮ ያለፈዎት ኦግደን በሚቀጥለው ዓመት በገበያ አይገኝም፤ በነጻ ገበያ የሚወጣው ተጫዋች በአብዛኛው የቀድሞ ቡድኑ ሊያቆየው ያልፈለገው ወይም ያልቻለው ነው። መካከለኛ ተጫዋች በመጋቢት ይገኛል፤ ታላቁ ግን የሚገኘው በሚያዝያ ነው።

የዳላሷ

የቆሎ ተማሪን ማብራሪያ በሙሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት እወዳለሁ። ፍላጎት ሰሌዳው ላይ በድራፍቱ ሌሊት ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ነጥቡ በሚሰጥበት ጊዜም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ኳርተርባክን ሲመዝን ሚዛኑ ሳይታወቀው ይጋደላል። ጉድለቱን ሲያዩት፣ ሲያባብሉት፣ ሲጠግኑት ወራት ያልፉና በመጨረሻ የሁለተኛው ዙር ወጣት በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ለዚህ ከ2011 ድራፍት የበለጠ ማሳያ አላውቅም። ከስምንተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ያሉትን አምስት ምርጫዎች ብቻ በተርታ እንያቸው። በስምንተኛው ቴነሲ ኳርተርባኩን ጄክ ሎከርን ወሰደ። በዘጠነኛው የእኔው ዳላስ ታክሉን ታይረን ስሚዝን ወሰደ። በአሥረኛው ጃክሰንቪል ወደ ላይ ለመውጣት ሌላ ምርጫ ከፍሎ ኳርተርባኩን ብሌን ጋበርትን ወሰደ። በአሥራ አንደኛው ሂውስተን ተከላካዩን ጄ ጄ ዋትን ወሰደ። በአሥራ ሁለተኛው ሚኒሶታ ኳርተርባኩን ክርስቲያን ፖንደርን ወሰደ። ሦስቱ ኳርተርባኮች የመረጧቸውን ቡድኖች ለረጅም ጊዜ አልመሩም፤ ሎከር እንዲያውም ከአራት የውድድር ዓመት በኋላ ጨዋታውን ተወ። በመካከላቸው የገቡት ሁለቱ ግን፣ ስሚዝ ስምንት ጊዜ ፕሮ ቦውል ሄደ፣ ዋት ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

ሦስቱ ቡድኖች ተጫዋች መገምገም የማያውቁ ሰዎች ስብስብ አልነበሩም። ጉድለቱ አስቸኮላቸው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነና ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉም እንደገና ኳርተርባክ ፍለጋ ገቡ፤ ጃክሰንቪልና ሚኒሶታ በ2014፣ ቴነሲ በ2015 በመጀመሪያው ዙር ሌላ ወሰዱ።

ራስ ዳሸን

እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ልሟገት፤ ምክንያቱም እስካሁን የላቀውን መምረጥ ምንም ዋጋ የማያስከፍል ነገር ሆኖ ቀርቧል።

በ2018 ጃያንትስ ሁለተኛውን ምርጫ ይዞ ነበር። ኳርተርባኩ ኢላይ ማኒንግ 37 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ ራኒንግ ባኩን ሳክወን ባርክሊን መረጠ። በንጹሕ ችሎታ ከተነጋገርን ባርክሊ ከዚያ ድራፍት ምርጦች አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ2,000 ያርድ በላይ በሩጫና በቅበላ አስመዘገበ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂም ተባለ። ቡድኑ ግን 5 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ኳርተርባኮቹ ጆሽ አለን በሰባተኛው፣ ላማር ጃክሰን በ32ኛው ተወሰዱ። በመጋቢት 2024 ባርክሊ በነጻ ገበያ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፤ እዚያ መንገድ በሚከፍቱለት ጠንካራ የመስመር ተጫዋቾች ጀርባ ሆኖ በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጠና ሱፐር ቦውልን አነሳ። ያው ሰው ነው፤ የተለየው ቡድኑ ነው።

ከዚህ የምለው፣ «ምርጥ ተጫዋች» የሚለው ሚዛን የቦታውን ክብደት ካልጨመረ ያሳስታል። ኳርተርባክ በእያንዳንዱ የማጥቃት ጨዋታ ኳሱን ይነካል፤ ጥሩ ራኒንግ ባክ በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ይገኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ በደንብ የሚያውቁት የዋሽንግተን ቡድንም በ2020 ያው ነገር ደርሶበታል። በሁለተኛው ምርጫ ተከላካዩን ቼስ ያንግን ወሰደ፤ በብዙ ሰዎች ሰሌዳ ላይ ከኳርተርባኮቹ በላይ የተቀመጠ ተጫዋች ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተከላካይም ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተጎዳ፤ በ2023 በሦስተኛ ዙር ምርጫ ተለውጦ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። በስድስተኛው ተራ የተወሰደው ጀስቲን ሄርበርት ግን የሎስ አንጀለስ ቻርጀርስን የኳርተርባክ ጥያቄ በአንድ ሌሊት ዘጋ። ዋሽንግተን ጄደን ዳንኤልስን በ2024 እስኪያገኝ ድረስ ስንት ኳርተርባክ እንዳፈራረቀ የዚያ አካባቢ ወገኖቻችን ያውቁታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ራስ ዳሸን ያነሱት የሚያም ነው፤ ያን ዘመን እዚህ ከልጆቼ ጋር እያየሁ አሳልፌዋለሁ። ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን 12 ለ 5 አድርሶ ከሱፐር ቦውል በፊት እስካለው የኮንፈረንስ ፍጻሜ ሲወስደው በየካፌው የነበረውን ደስታ መግለጽ አልችልም። ሆኖም የቦታ ክብደት የእኔን መከራከሪያ አያፈርስም። የቦታ ክብደት ከቡድን ቡድን አይለያይም፤ ኳርተርባክ ለ32ቱም ውድ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ሲሰጥ አብሮ መታሰብ አለበት። ጉድለት ግን የአንዱ ቡድን የአንድ ዓመት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ባንቀላቅል ደስ ይለኛል።

ገንዘቡም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር የተረጋገጠለት የስድስት ዓመት ውል ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የጋራ ስምምነት የጀማሪዎችን ደመወዝ በተራ ቁጥራቸው ወሰነው፤ አንደኛ የሆነው ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ተጫዋች በድራፍት ያገኘ ቡድን ለዓመታት ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ክፍያ ያሠራዋል፤ በተረፈው ገንዘብ ደግሞ ጉድለቱን በመጋቢት ይገዛል። ካንሳስ ሲቲ በ2016 በኳርተርባኩ በአሌክስ ስሚዝ 12 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ፣ በሚቀጥለው ሚያዝያ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ወጥቶ ኳርተርባኩን ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። በዚያች ሌሊት ኳርተርባክ አልጎደለውም ነበር።

የበረዶ አገር

የማሆምስን ምሳሌ ሁሉም ያነሳል። የጆርዳን ላቭን ግን ማንም በቀላሉ አያነሳም። ግሪን ቤይ በ2019 የውድድር ዓመት 13 ጨዋታ አሸንፎ ሱፐር ቦውል ሊገባ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ተሸነፈ። ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስ ተቀባይ ያስፈልገው ነበር። በ2020 ቡድኑ ወደ 26ኛው ወጥቶ ኳርተርባክ ላቭን ወሰደ፤ በዚያ ድራፍት በሰባቱም ዙር አንድም ተቀባይ አልመረጠም። ሮጀርስ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑ ግን ሱፐር ቦውል አልደረሰም፤ በጥር 2021 በራሱ ሜዳ በታምፓ ቤይ በአምስት ነጥብ ልዩነት ወደቀ። ላቭ ቋሚ የሆነው በ2023 ነው።

ያ ምርጫ ለወደፊቱ ትክክል ነበር ሊባል ይችላል፤ ግሪን ቤይ በ2005 ኳርተርባኩ ብሬት ፋቭር እያለ ራሱን ሮጀርስን በ24ኛው ሲወስድም ተሳክቶለታል። ነገር ግን ዋንጫው በእጅ ሊገባ የተቃረበ ቡድንና ከሥር የሚገነባ ቡድን በአንድ ሕግ መመራት የለባቸውም። የ37 ዓመት ኳርተርባክ በምርጥ ብቃቱ ላይ ያለው ቡድን ሁለት ዓመት መጠበቅ አይችልም። ለእርሱ ፍላጎት ማለት የዛሬ ፍላጎት ነው።

ፒያሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? አሠልጣኙና ዋና ሥራ አስኪያጁ ባይስማሙስ?

ቆሎ ተማሪ

በዚህ ላይ ቡድኖቹ ይለያያሉ፤ በአንዳንዶቹ የመጨረሻው ቃል የዋና ሥራ አስኪያጁ፣ በአንዳንዶቹ የአሠልጣኙ፣ በጥቂቶቹ ደግሞ እንደ ዳላስ የባለቤቱ ነው። እኔ የማየው ግን ክርክሩ በብዙ ቦታ ከጨዋታው እውቀት ይልቅ ከሥራ ዋስትና እንደሚመነጭ ነው። ሁለት ዓመት የተሸነፈ አሠልጣኝ በሦስተኛው ዓመት ማሸነፍ አለበት፤ ስለዚህ በመስከረም የሚሰለፍለትን የቀኝ ጋርድ ይጠይቃል። በ2022 ሬቨንስ በመጋቢት የኋላ ተከላካዩን (ሴፍቲውን) ማርከስ ዊልያምስን በትልቅ ውል ካስፈረመ በኋላ በሚያዝያ በ14ኛው ምርጫ ሌላ ሴፍቲ፣ ካይል ሃሚልተንን፣ መውሰድ የቻለው፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አሠልጣኙም ለረጅም ዓመታት አብረው የቆዩና ሥራቸው ያልተናጋ ሰዎች ስለነበሩ ይመስለኛል። ሃሚልተን በሁለተኛው ዓመቱ ከሊጉ ምርጦች ተርታ ገባ።

የዳላሷ

በዚህ ከቆሎ ተማሪ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የእኛም ቡድን በ2020 አማሪ ኩፐርንና ማይክል ጋለፕን ይዞ፣ መከላከያው እየፈሰሰ፣ በ17ኛው ተቀባዩን ሲዲ ላምን ሲወስድ ብዙ ደጋፊ ተቆጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩፐር ወደ ክሊቭላንድ ሄደ፤ በ2023 ጋለፕ 400 ያርድ ገደማ ሲያገኝ ላም በቅበላ ብዛት የሊጉ ቀዳሚ ነበር። የበረዶ አገር ያነሱት የዛሬ ፍላጎትም አለ፤ እኔም አልክድም። ግን መከላከያውን ለማጠናከር በዚያው ድራፍት በሁለተኛው ዙር ኮርነርባኩን ትሬቮን ዲግስን አገኘን፤ በሁለተኛው ዓመቱ 11 ኳስ ጠለፈ። አንዱ ዙር ሲያልፍ ስድስት ዙር ይቀራል።

የበረዶ አገር

እሱ ትክክል ነው፤ ዲግስን ግን በ51ኛው ተራ እስኪደርስ ድረስ ሌሎች ቡድኖች ስላለፉት ነው ያገኛችሁት። ጉድለቱ በኳርተርባክ ወይም በግራ ታክል ቦታ ቢሆን ኖሮ እስከ 51ኛው የሚጠብቃችሁ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት የቫይኪንግስን የመስመር ተጫዋቾች ውል መቼ መቼ እንደሚያልቅ አሰባስቤ እዚሁ አቀርባለሁ፤ የትኛው ቦታ መጠበቅ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል በዚያ ላይ ብንነጋገር ይሻላል።